ከዘጠኝ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት

ደላላው በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያሳየን የሻወር ቤቱን ሴራሚክ ነው። «ፊኒሺንጉ ሙሉ ነው ማዘር፤ ባለቤቶቹ ሊገቡበት ብለው የሠሩት ቤት ነው» አላት እህቴን። ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም፤ ከታች ይዘነው የመጣነው ጭቃ ደረጃው ላይ እየተራገፈ ሳሎን ድረስ ገብቷል። እህቴ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈተች። ቧንቧው ሁለቴ አንኮራፋና ዝም አለ።

«ዛሬ ፈረቃችን አይደለም» አለ ደላላው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። «ታች ሮቶ አለ።»

ታች ማለት አራት ፎቅ ታች ማለት ነው፤ ሊፍት የለም። እኔና እህቴ ተያየንና ሁለታችንም ዓይናችንን ወደ ልጇ ላክን። የ15 ዓመት ጎረምሳ ባለበት ቤት ጄሪካን ማን እንደሚሸከም አይጠየቅም። ልጁ ግን ወሬያችንን አልሰማም። በረንዳው ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። በሕንጻዎቹ መሐል መኪኖች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ሁለት ሕፃናት በላስቲክ ተሸፋፍነው ኩሬ ውስጥ ይረግጣሉ።

«እዚህ ሰፈር ሳይክል ይነዳል?» ብሎ ጠየቀ።

ደላላው ጥያቄው ከማን አፍ እንደወጣ ለማየት ዞር አለና ሳቀ። «ባጃጅ ሞልቶልህ!» አለው።

በዚያ ቅዳሜ ያየነው አራተኛ ቤት ነበር። እስከዚያ ድረስ ስለ ኪራዩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ፎቁ፣ ከሜክሲኮ ስላለው ርቀት ደጋግመን ጠይቀናል። እዚያ ቤት ውስጥ ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ሰው ከበር ሲወጣ ምን እንደሚገጥመው ግን ከልጁ በቀር የጠየቀ አልነበረም።

* * *

እህቴ የባንክ ሠራተኛ ናት። ሐዋሳ አሥራ ሁለት ዓመት ከሠራች በኋላ የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ሰንጋ ተራ። ደረጃም ደመወዝም አለው። ባለቤቷ ሥራው እዚያው ስለሆነ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ሐዋሳ ይቆያል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ ልጁም መስከረም ላይ 10ኛ ክፍል ይገባል።

ሰንጋ ተራ የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንጻና የሌሎች ባንኮችና ኢንሹራንሶች ዋና መሥሪያ ቤቶች የተሰለፉበት ሰፈር ነው። እዚያ የሚሠራው ብዙ ነው፤ የሚያድረው ጥቂት። የቀረው ማታ ወደየዳሩ ይበተናል። ወደ የትኛው ዳር የሚለው ላይ ዘመድ ሁሉ አስተያየት አለው፤ አስተያየቱም ያለ ልዩነት የራሱ ሰፈር ነው። አያት የሚኖረው «ባቡር አለን» ይላል። ጀሞ የሚኖረው «ምን የጎደለ ነገር አለ?» ይላል። ገርጂ የሚኖረው ስለ ኪራይ ሲጠየቅ ያስለዋል። እኔ የምኖረው የካ አባዶ ነው። አባዶን አልመከርኩም፤ ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ከውጭ ለሚመጣ ሰው የአዲስ አበባ ዳር ዳር ሰፈሮች አንድ ዓይነት ይመስሉታል። አይደሉም። ሲኤምሲ ስሙን የወሰደው ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ነው፤ አያት ደግሞ ሰፈሩን ከገነባው ሪል ስቴት። በሁለቱም ዛሬም ድረስ ብዙ የቪላና የአጥር መንደር አለ። ጀሞና ለቡ ከሲሚንቶው በፊት የነበሩ የኦሮምኛ የቦታ ስሞች ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲጀመር መንግሥት ሰፊ መሬት ያገኘው ዳር ላይ ነበርና ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ እያሉ ተከታትለው ተተከሉ። ብሎኩ ቀደመ፤ መንገዱ፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ በየራሳቸው ጊዜ ተከተሉት። አንዳንዱ ቦታ አሁንም እየተከተለ ነው።

ስለ ኮንዶሚኒየም አንድ ነገር ልበል። ለትንሽ ልጅ የሚመች ነው። ጊቢው ውስጥ እኩያ ሞልቷል፤ ከየበረንዳው የሚያይ ዓይን አለ፤ የወደቀ ልጅ ከእናቱ በፊት ጎረቤት ያነሣዋል። ያው ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ጊቢው ይጠበዋል። ከየበረንዳው ያየው የነበረው ዓይንም ጠባቂ መሆኑ ቀርቶ መርማሪ ይሆንበታል። ወላጆች ስለ ኮንዶሚኒየም ሲያወሩ ሁሉም ትክክል የሚሆኑትና የማይስማሙት ለዚህ ይመስለኛል፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ዕድሜ ልጅ ነው።

ለእህቴ ብቻ ቢሆን ምርጫው ምሥራቅ ነበር። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነሥቶ በመሪ፣ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሜክሲኮ ወርዳ በእግሯ ቢሮ ትገባለች። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ የለም። በተግባር ግን ለሁለቱ መስመሮች ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕጦት ቆመዋል፤ ጠዋት የሚመጣው ባቡር ደግሞ ሲኤምሲ ሲደርስ አያትን ሙሉ በሙሉ ጭኖ ነው። ይህም ሆኖ እህቴ ካርታውን ዘርግታ ጣቷን ያሳረፈችው እዚያ ላይ ነበር። ጣቷ ያረፈበት የራሷ መንገድ መሆኑን ያስተዋለችው በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልነበረብኝም፤ ያንኑ ስሕተት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሠርቼዋለሁና።

* * *

በመጋቢት 2007 የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ስሜ ጋዜጣ ላይ ተገኘ። ካዛንቺስ በኪራይ ቤት ነበርን። ቤተሰቡ እልል አለ፤ በዓመቱ አባዶ ገባን። ልጄ 14 ዓመቷ ነበር። ኪራይ ቀረልን፤ ያንን ደጋግሜ አስልቻለሁ። ትምህርት ቤቷ ጥሩ ስለነበር «ለምን እናናውጣታለን?» ብለን እዚያው ካዛንቺስ ተወናት። ደግ የሠራን መስሎን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ካዛንቺስ። ማታ በዚያው መንገድ ተመልሳ ቤት ስትደርስ መሽቷል። የጓደኞቿ ልደት ሲሆን ኬኩ ሳይቆረስ ትነሣለች፤ በኋላ ላይ ጭራሽ መሄዱን ተወችው። አባዶ ውስጥ ጓደኛ አላፈራችም፤ መቼ ወጥታ ታፍራ? እኔ ብሩን ቆጥሬ ሰዓቱን አልቆጠርኩም። ዛሬ 23 ዓመቷ ነው፤ ስለዚያ ጊዜ ስትናገር አትማረርም፤ ትስቃለች። «የመገናኛን ረዳቶች በስማቸው አውቃቸው ነበር አባዬ። የጎረቤታችንን ልጅ ስም ግን እስከ ዛሬ አላውቀውም።»

ያ ካዛንቺስ አሁን የለም። በ2017 መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ዳር ሰፈሮች ተዛውሯል። ከእነዚያ ወላጆች መካከል የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ይዞ የሄደ ብዙ ነው፤ ማንም ግን ካርታ ዘርግቶ ጣቱን አላሳረፈም። ስለ ሰፈር ምርጫ መጻፍ ራሱ ምርጫ ላለው ሰው የተሰጠ ዕድል መሆኑን ይህን ስጽፍ አልረሳሁትም።

* * *

ቤት ከማየታችን በፊት ትምህርት ቤት ማየት ነበረብን። ገልብጠን ነው የሠራነው፤ አብዛኛው ሰውም ገልብጦ ነው የሚሠራው። ለ1ኛ ክፍል ልጅ ትምህርት ቤት በየቅያሱ አለ። ለ10ኛ ክፍል ግን ወንበር የሚገኘው ከ9ኛ ያለፈ ልጅ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ብቻ ነው፤ አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለትና ሦስት ቦታ ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ የመግቢያ ፈተና አለ፣ ብዙ ጊዜ ሒሳብና እንግሊዝኛ። ከሐዋሳ መልቀቂያው፣ የ9ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቱ፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ፣ የልደት ሰርተፊኬቱ በእጅ ካልተያዘ ነሐሴ ላይ ወረቀት ፍለጋ 275 ኪሎ ሜትር መመላለስ ይመጣል። እህቴ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች።

ልጁ የሚገባበት ክፍልም የራሱ ትርጉም አለው። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። 11ኛ ላይ ተፈጥሮ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ይመረጣል፤ ከዚያ 12ኛ። በ2015 መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ መፈተን ሲጀመርና ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ መጀመሪያ ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በማግሥቱ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ ከዚያ 8.4። በሁለተኛው ዓመት ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ከዚህ በኋላ «ሰፈሩ ጥሩ ነው፤ ትምህርት ቤት አይጠፋም» የሚባል ነገር የለም። ትምህርት ቤት አይጠፋም፤ የሚያሳልፍ ግን ሊጠፋ ይችላል። ዝውውር የግድ ከሆነ 10ኛ ከ12ኛ በብዙ ይሻላል፤ እህቴ በዚህ ዕድለኛ ናት።

ካየናቸው አንደኛው ትምህርት ቤት በሩ ላይ የተማሪዎች ፎቶ ያለበት ትልቅ ባነር ሰቅሏል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቡና ጋበዙን፤ ባለፈው ዓመት ካስፈተኑት ከ80 በመቶ በላይ ማለፉን ነገሩን።

«በመቶኛ ሳይሆን በቁጥር ቢነግሩኝ?» አለች እህቴ። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያየች ሴት ናት።

«ሃያ ሁለት አስፈትነን አሥራ ዘጠኝ።»

«እነዚህ ልጆች 9ኛ ክፍል ሳሉ ስንት ነበሩ?»

ሰውየው ስኒውን አስቀመጡ። «ስልሳ ገደማ» አሉ፣ ቆየት ብለው።

አርባዎቹ የት ሄዱ የሚለውን አልጠየቅንም። ዋሽተውናል አልልም፤ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ልጁ ግን እኛ ቢሮ ውስጥ ሳለን ጊቢውን ዞሮ መጥቷል። የኳስ ሜዳው ላይ የትምህርት ቤቱ ሰርቪስ መኪኖች እንደቆሙና ጥበቃው «ክረምት ስለሆነ ነው» እንዳሉት፣ የመረቡ ብረት ግን ዝጎ እንደነበር ነገረን። በእኔ ሚዛን የልጁ ሪፖርት ከእህቴ አያንስም።

* * *

ትምህርት ዘጠኝ ተኩል ላይ ያልቃል። እህቴ ከቢሮ የምትወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሜክሲኮ ሰልፍ፣ ዝናብ ካለ ረጅም ሰልፍ፣ ከዚያ መንገዱ። የትም ብትከራይ ቤት የምትገባው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ልጁ በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት አሥራ ሰባት ሰዓት ተኩል ያለ ወላጅ ይኖራል። ሰፈር የሚመረጠው ለእነዚህ ሰዓታት ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሊቱን ማንኛውም ጣሪያ ያሳልፈዋል፤ ቀኑን ትምህርት ቤቱ ይይዘዋል። የቀረውን የሚይዘው ሰፈሩ ነው።

ሐዋሳ እነዚህ ሰዓታት የማንም ጭንቀት አልነበሩም። ከተማው ሜዳ ነው፤ ሳይክል የሌለው ልጅ የጓደኛው ኮርቻ ላይ ይፈናጠጣል። ከትምህርት ቤት ኳስ፣ ከኳስ ፍቅር ሐይቅ ወይ አሞራ ገደል፣ ከዚያ የአባቱ ጓደኛ ሱቅ፣ ከዚያ ቤት። ከመንገዱ ላይ ቢያንስ አሥር ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። እህቴ ሥራ ላይ ሆና ልጇ የት እንዳለ አስባ አታውቅም፤ ማሰብ የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። ከተማ ሲቀየር የሚጠፋው ይኼ ነው። ለልጁ ጓደኛ ጠፋ እንላለን፤ ለእናትየው ግን አሥር ረዳት ነው የጠፋባት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት አካሄዳችንን ቀየርን። ደላላ ቅዳሜ ጠዋት የሚቀጥረው ሰፈሩ ቅዳሜ ጠዋት ስለሚያምር ነው። እኛ ማክሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄድን፣ ያለ ደላላ፣ ልጁን አስቀድመን። የት መሄድ ነው የምትፈልገው? ሂድ፤ እኛ ከኋላህ ነን።

ሲኤምሲ አካባቢ ያሉት የቪላ መንገዶች በዚያ ሰዓት ጸጥ ብለዋል። ንጹሕ ናቸው፣ ጥበቃ አለ፣ ከየአጥሩ ውስጥ ውሻ ይጮኻል። እህቴ ትከሻዋ ሲላላ አየሁ፤ ደኅና ቦታ መሆኑ ይታያል። ልጁ ሁለት መታጠፊያ ሄዶ ተመለሰ። «ማሚ፣ ሰው የለም'ኮ።» ልክ ነው። እኩያ ልጆች ካሉ ከአጥር በስተጀርባ ናቸው፤ ጓደኝነት በመኪና የሚወሰድበት ሰፈር ነው። መኪና የሌላት እናት ልጅ እዚያ ክፍሉ ውስጥ ከስልኩ ጋር ይቀራል። እናቱ ደኅና ነው ትላለች፤ ደኅና ነው ወይ?

በሌላ ቀን በዚያው ሰዓት የሄድንበት ጀሞ የዚያ ተቃራኒ ነው። በዚያ ሰዓት መንገዱ የሰው ጎርፍ ነው። ከታክሲ የወረደው ሁሉ በጉሊቱ መሐል ያልፋል፤ በቆሎ ይጠበሳል፤ የሕንጻዎቹ ምድር ቤት በሙሉ ሱቅ ነው። ቴኳንዶ አየን፣ ቱቶሪያል የሚሰጥበት ክፍል አየን፣ በሳምንቱ መጨረሻ ኳስ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት አየን። ከአንዱ ትምህርት ቤት አጥር ብዙም ሳይርቅ ደግሞ መጋረጃ የወረደበት በር አለ፤ ጭሱ ይሸታል፤ ውስጥ ያሉት ከልጁ እምብዛም አይበልጡም። እህቴ እጁን ያዘችው። 15 ዓመቱ ስለሆነ ወዲያው አስለቀቃት።

እዚህ ላይ ወላጆች ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ ይህን በር አይቶ ጀሞን በሙሉ ይሰርዛል። እኔ አልሰርዝም። እንዲህ ዓይነት በር የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ አላየሁም፤ የተሸሸገበት ሰፈር ግን አይቻለሁ። ከበሩ ይልቅ ያየሁት በሩ አጠገብ ያለውን ነው፤ ቴኳንዶው በእግር አምስት ደቂቃ ላይ ነው ወይስ በሁለት ታክሲ? ልጁ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ካለው በሩ አንድ በር ነው። ከሌለው ብቸኛው በር ይሆናል። እህቴ በዚህ አልተስማማችም፤ አሁንም አትስማማም።

* * *

በዚህ መሐል አንድ ዘመድ ከከተማው ወጣ ብሎ ርካሽ ቤት ጠቁሞን ነበር። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን በነሐሴ 2014 ከተካለለ በኋላ፣ ሸገር ከተማም ከተቋቋመ በኋላ፣ አንዳንድ ሳይት ላይ መስመሩ በመንገድ መሐል ያልፋል። ዓይን አያየውም፤ ወረቀት ያየዋል። የነዋሪነት መታወቂያው የሚወጣበት ወረዳ፣ የሚመለከተው ትምህርት ቢሮ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በቋንቋ ትምህርትነት የሚሰጠው ቋንቋ፣ ሁሉም በመስመሩ ይለያያል። ኦሮምኛ ለሚያውቅ ልጅ ምንም ማለት አይደለም፤ ጥቅምም ሊሆን ይችላል። ከሐዋሳ መጥቶ 10ኛ ክፍል ላይ አዲስ ቋንቋ ለሚጀምር ልጅ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ነው። ርካሹ ቤት ለምን እንደረከሰ ደላላ አይነግርህም።

ስለ ኪራይ ውሉም ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የሰሚቱ ቤት አከራይ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ጠይቀው ነበር። ሕጉን ስናነሣባቸው ደላላው «እሱ ለወረቀት ነው ጋሼ» አለኝ። አንዳንዱ ተከራይ ቤቱ እንዳያመልጠው ይከፍላል፤ አልፈርድበትም። ለጎረምሳ ወላጅ ግን ከቅድመ ክፍያው ይልቅ ዘመኑ ነው ቁም ነገሩ። ዘንድሮ 10ኛ ለሚገባ ልጅ የሁለት ዓመት ውል የሚያልቀው 12ኛ ሊጀምር ሲል ነው። ከሁሉ የከፋው ቤት የመልቀቂያ ወቅት እሱ ነው። ሁለት ዓመት በሕጉ ዝቅተኛው እንጂ ከፍተኛው ስላልሆነ እህቴ ከዚያ በኋላ በየደረሰችበት ሦስት ዓመት መጠየቅ ጀመረች።

* * *

ለቡን ያመጣው ልጁ ነው። ከጀሞ ወደ ለቡ የሳይክል መንገድ መኖሩን ስልኩ ላይ አይቶ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ቀደም ብለው ከተሠሩት አንዱ ነው። ከተማችን ከእንጦጦ ወደ አቃቂ እየወረደ የሚሄድ ተዳፋት በመሆኑ ሰሜኑ ለእግርም ይከብዳል፤ ደቡብ ምዕራቡ ግን ለሳይክል ይራራል። ከ1,700 ሜትር ከፍታ መጥቶ ከ2,200 በላይ ለሚነዳ ሳንባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሄደን አየነው። መስመሩ አለ፤ ቀለሙም አለ። በላዩ ላይ ሚኒባሶች ቆመዋል፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሯል፣ አንዲት እናት ከሰል አቀጣጥለው በቆሎ ይጠብሳሉ። ልጁ በቆሎ ገዛና እዚህ ሳይክል የሚነዳ ልጅ አለ ወይ አላቸው።

«እሑድ ጠዋት ና የኔ ልጅ» አሉት። «ያኔ እኔም እነሣላቸዋለሁ።»

እሑድ ጠዋት ብቻውን ሄደ። እህቴ ስልኳን ሦስት ጊዜ አየች፤ አልደወለችም። አራት ሰዓት ላይ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። በአንዱ ልጅ ሳይክል ነድቷል፤ ያ ልጅ ጀሞ አንድ ትምህርት ቤት 10ኛ ይገባል፤ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ልጆች ወደ ውጭ አገር ስለሄዱ ቦታ አለ። የትምህርት ቤቱን ምዝገባ ክፍል በማግሥቱ ስንጠይቅ ቦታው በርግጥ ነበረ። እኔና እህቴ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጅ የጠናንበትን ወሬ ልጁ በአንድ ጠዋት ይዞት መጣ። 9ኛ ክፍል የነበሩትንና 12ኛ ላይ የተፈተኑትን በቁጥር ጠየቅን፤ ሊነግሩን አላመነቱም።

የተከራዩት ቤት ለቡ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጊቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነው። ከሰሚቱ ያንሳል። ሴራሚኩ ነጭ እንኳ አይደለም። አከራይዋ ሦስት ዓመት ሲባሉ ደንግጠው ነበር፤ «ሦስት ዓመት ማን ያውቃል ልጄ?» አሉ፤ የልጁን ክፍል ስትነግራቸው ግን ውሉን ፈረሙ፤ ወረዳም አስመዘገቡት። ትምህርት ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ለእህቴ ከሰሚት የባሰ ነው፤ ወደ ሰንጋ ተራ የሚወስድ ባቡር የለም። ለቡ የባቡር ጣቢያ አለው፤ የሚሄደው ግን ጅቡቲ ነው። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ተኩል በፊት ወጥታ የሜክሲኮ ታክሲ ትሰለፋለች። ይህን አውቃ ነው የፈረመችው። ልጁም የሚከፍለው አለ፤ ከዘጠኝ ተኩል በኋላ የት እንደሚሆን በጽሑፍ ይልካል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጊቢ ይገባል፣ መጋረጃ የወረደበት በር ጋ ከታየ ሳይክሉ ይሸጣል። የመጨረሻውን ያስገባችው እህቴ ናት።

የሐዋሳው ዕቃ ነሐሴ መጨረሻ በአይሱዙ መጣ። ሶፋው ውስጥ ስላልገባ አከራይዋ በረንዳ ላይ ነው ያለው።

እኔን በተመለከተ፣ እህቴ አዲስ አበባ ስትገባ እሑድ እሑድ ቡና አብረን እንጠጣለን ብዬ ነበር። አሁን ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ለቡ፤ ሦስት ታክሲ ነው።